ከአባቴ የወረስኳቸው ፕሩፍ ሳንቲሞች ምን ያወጣሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ ሲያርፉ ከዕቃዎቻቸው መካከል አንድ ሰማያዊ ሣጥን አገኘን። በውስጡ ሦስት የኢትዮጵያ የብር ሳንቲሞች አሉ፦ ጥንብ አንሳ ያለበት ባለ 10 ብር፣ የደጋ አጋዘን ያለበት ባለ 25 ብር እና የሕፃናት ዓመት መታሰቢያ የሆነ ባለ 20 ብር። ከእነርሱ ጋር የ1976፣ የ1983 እና የ1990 የአሜሪካ ‹ፕሩፍ ሴት› (በእንግሊዝኛ proof set፣ የፕሩፍ ስብስብ) የሚባሉ በፕላስቲክ የታሸጉ ሳንቲሞች ነበሩ። ሣጥኑ ላይ ፕሩፍ ስለሚልና የምስክር ወረቀትም ስላለው እውነተኛነታቸው የተረጋገጠ ይመስለኛል። ዘመዶቻችን ‹ቤት ይገዛል› ይላሉ፤ አንድ የወርቅ ሱቅ ግን መዝኖ እንደ ስባሪ ጌጥ ሊገዛኝ ፈለገ። እኅቴ የአጋዘኑ ሳንቲም ጠቁሮ ስላየችው በጥርስ ሳሙና አጥባዋለች። ሁሉንም ደረጃ ወደሚያወጡ ድርጅቶች ልላካቸው? አዲስ አበባ ያለችው እናቴም አንድ የሚያብረቀርቅ የምኒልክ ብር አላት፤ እሱም ፕሩፍ ከሆነ ላስመጣው?»

ምላሽ፦ በቅድሚያ አሳሳቹን ቃል እናጥራው። ‹ፕሩፍ› በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ‹ማስረጃ› ማለት በመሆኑ፣ ሣጥን ላይ ተጽፎ ሲነበብ የሳንቲሙ እውነተኛነት ተመርምሮ የጸደቀ ይመስላል። በሳንቲም ሙያ ግን ቃሉ እንዲህ ያለ ትርጉም የለውም። አዲስ የመምቻ ቅርጽ ተቀርጾ ሲያልቅ ምስሉ በትክክል መውጣቱን ለማየት በጥንቃቄ ይመቱ ከነበሩት የሙከራ ሳንቲሞች የመጣ ስያሜ ነው፤ ዛሬ የሚያመለክተውም አንድን የአሠራር ዘዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሩፍ መባል የዋጋ ደረጃ አይደለም፣ የይዞታ ደረጃም አይደለም። ተቧጭሮ የተበላሸ ፕሩፍ አለ፤ በአሥር ዶላር የሚሸጥ ፕሩፍ አለ፤ ፕሩፍ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲምም አለ።

ለመገበያያ የሚወጣ ሳንቲም በፈጣን ማሽን በደቂቃ በመቶዎች እየተመታ፣ ወደ ማጠራቀሚያ እየወደቀና እርስ በርሱ እየተጋጨ ይወጣል። ለፕሩፍ ግን ጥፍጥፉ፣ ማለትም ገና ምስል ያልተመታበት ክብ ብረት፣ አስቀድሞ ይወለወላል፤ የመምቻው ቅርጽ ሜዳ (ከምስሉ ውጪ ያለው ባዶ ገጽ) እንደ መስታወት እስኪሆን ይለሰልሳል፤ ምስሉን የሚያወጣው ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ ሆን ተብሎ ይሻክራል። ከዚያም በከፍተኛ ግፊት፣ በዝግታ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታና ከሌላው ሳይነካካ ተነሥቶ ይቀመጣል። ውጤቱ ፊት የሚያሳይ ሜዳና ውርጭ የመታው የመሰለ ነጣ ያለ ምስል ነው። ይህ የውርጭ መልክ መምቻው በሠራ ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በአንድ ዓመት ከወጡ ሁለት ፕሩፎች መካከል ቀድሞ የተመታው ጎልቶ፣ ዘግይቶ የተመታው ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሰብሳቢዎች ለመጀመሪያው የበለጠ የሚከፍሉትም ለዚህ ነው።

ወደ ዋጋው ስንገባ ቋንቋችን ራሱ አንድ ወጥመድ አለው፤ ‹ብር› ገንዘቡም ማዕድኑም ነውና። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ብር ስል ገንዘቡን፣ የብር ማዕድን ስል ደግሞ ነጩን ብረት ማለቴ ነው። የእርስዎ ሦስቱ የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ከ1000 እጅ 925ቱ የብር ማዕድን ናቸው። ባለ 10 ብሩ በፕሩፍ 28.28 ግራም፣ ባለ 25 ብሩ 35 ግራም፣ የሕፃናት ዓመቱ ባለ 20 ብር 23.33 ግራም ይመዝናሉ። ክብደቱን በ0.925 አባዝተው በ31.1035 (የአንድ አውንስ ግራም) ሲያካፍሉ፣ የማዕድን ዋጋ በሚጠራበት አውንስ 0.841፣ 1.041 እና 0.694 ያገኛሉ፤ በድምሩ ከ2.57 አውንስ ጥቂት ከፍ ይላል። ስሌቱ እንዲቀል አንድ አውንስ 30 ዶላር ነው ብንል የሦስቱ ማዕድን 77 ዶላር ገደማ ያወጣል። የዕለቱን ዋጋ ራስዎ አስገብተው ያስሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ማንም ገዢ ዝቅ ሊልበት የማይገባው ወለል ነው። ዘመዶችዎ ተስፋ ያደረጉት ቤት ከዚህ ስሌት እንደማይወጣ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 10፣ 20 ወይም 25 ብር ስለ ዛሬው ዋጋ ምንም አይናገርም፤ ስለ ተመታበት ዘመን ግን ብዙ ይናገራል። የጥንብ አንሳውና የአጋዘኑ ሳንቲሞች የወጡት በ1970 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከብዙ አገሮች ጋር ባወጡት ተከታታይ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ናቸው። የዚያው ስብስብ ሦስተኛ አባል ዋልያ ያለበት ባለ 600 ብር የወርቅ ሳንቲም ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 25 ብር ማለት 12 ዶላር ገደማ ነበር፤ በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ግን 5 ዶላር ገደማ ብቻ ያወጣ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ጽሑፉ አንድ ዶላር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ማዕድኑ የጽሑፉን ብዙ እጥፍ ያወጣል።

የቀን ቁጥሩም ብዙ ሰው ያሳስታል። በሕፃናት ዓመቱ ሳንቲም ላይ ያለው 1972 በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓለም አቀፉ የሕፃናት ዓመት በፈረንጅ 1979 ነበርና ሳንቲሙ የደርግ ዘመን ነው እንጂ የንጉሡ ዘመን አይደለም። አንዳንድ ሻጭ ይህን ባለማወቅ፣ አንዳንዱም አውቆ፣ «የጃንሆይ የመጨረሻ ሳንቲም» እያለ ዋጋ ይሰቅልበታል።

የዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ ስብስብ ሳንቲሞች፣ ጥንብ አንሳውና አጋዘኑ፣ በሁለት መልክ፣ በተራና በፕሩፍ፣ የተመቱ በመሆናቸው ያለዎት ፕሩፉ መሆኑን ያለ ባለሙያ ማረጋገጥ ይችላሉ። ተራው ባለ 10 ብር 25.31 ግራም፣ ተራው ባለ 25 ብር 31.65 ግራም ሲመዝን ፕሩፎቹ ከላይ እንደተጻፈው ከበድ ይላሉ። እስከ ግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን በጥቂት ዶላር ይገዛል። ሳንቲሙ ከካፕሱሉ (ከጠንካራ ፕላስቲክ ማቀፊያው) ጋር እንዳይመዘን ያስታውሱ፤ ሲያወጡትም ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈው፣ በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው ያንሡት። የጣት አሻራ ፕሩፍ ሜዳ ላይ ካረፈና ከቆየ ብረቱን ይበላዋል፤ ተመልሶም አይወጣም።

የአጋዘኑ ሳንቲም ነገር ያሳዝናል። የጥርስ ሳሙና ጥርስን የሚያነጣው በውስጡ የሚፈገፍግ ዱቄት ስላለ ነው፤ ያ ዱቄት እንደ መስታወት የተለሰለሰ ሜዳ ላይ የሚያደርገው ደግሞ አሸዋ መኪና ላይ የሚያደርገውን ነው። ጉዳቱን ለማየት ክፍሉን አጨልመው አንድ መብራት ብቻ ያብሩ፤ ሳንቲሙን ከብርሃኑ ሥር ይዘው ቀስ እያሉ ያዘንብሉት፣ ያዙሩትም። ያልተነካ ፕሩፍ ሜዳው አንድ ጊዜ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ ብርሃን ይሆናል፤ ጋዜጣ አጠገቡ ቢያቆሙ ፊደሉ ተገልብጦ ይነበብበታል። የተፈተገው ግን በአጋዘኑ ቀንዶችና በጠርዙ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ክብ ክብ የሚሠሩ ብዙ ጭረቶችን ያሳያል። ከቀንዱ ጫፍና ከአንገቱ ላይ የውርጩ ነጭነት ተገፎ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካዩም ምስሉ ራሱ ተነክቷል ማለት ነው። እነዚህን ጭረቶች የሚያጠፋ ዘዴ የለም። እንደገና ማስወልወል የቀረውን ሜዳ ከመውሰድ በቀር የሚያመጣው ነገር ስለሌለ፣ ይህ ሳንቲም ከእንግዲህ ከማዕድኑ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ጥቁረቱ ራሱ በሽታ አልነበረም። የብር ማዕድን በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ከዚያ ሰማያዊና ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። እኩል የተሰራጨ ቀለል ያለ ቀለም ያለበትን ሳንቲም ብዙ ሰብሳቢዎች በደስታ ይገዛሉ፤ የሚፈሩት የታጠበውን ነው። በቤታችን የብር ጌጥ በሎሚና በአመድ እየታሸ ሲነጣ አይተን አድገናልና እኅትዎን አልወቅስም፤ ነገር ግን መስቀልና አምባር ታሽተው ያምራሉ፣ ፕሩፍ ሳንቲም ታሽቶ ይሞታል። በተለይ የሚያሳስበኝ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ነው፤ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ያለበት ከሆነ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ቅባት ይለቃል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ አይጥረጉት፤ ሳንቲሙን ከኪሱ አውጥተው በጠንካራ ካፕሱል ውስጥ ያድርጉና ለሙያተኛ ያሳዩት።

ከማዕድኑ ወለል በላይ ያለው ዋጋ የሚመጣው ከፈላጊ ብዛት ነው። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ተመታ?» ይላሉ፤ እኔ ግን «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» ብዬ እመልሳለሁ። ጥቂት መቶ ብቻ ተመቶ ፈላጊ የሌለው ሳንቲም ረክሶ ይቀመጣል፤ መቶ ሺሕ ተመቶ ሁለት መቶ ሺሕ ሰው የሚፈልገው ይወደዳል። የእንስሳቱ ሳንቲሞች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ የኢትዮጵያን ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ የዱር እንስሳ ያለበትን የሚሰበስቡ፣ እንዲሁም የጥበቃ ስብስቡን ከየአገሩ ለማሟላት የሚጥሩ ሦስት ዓይነት ገዢዎች ይሻሙባቸዋል። የሕፃናት ዓመቱ ሳንቲም ፈላጊ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የዋልያው ወርቅ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ 33.437 ግራም የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 900ው ወርቅ የሆነ፣ በፕሩፍ መልኩ በመቶዎች ብቻ የተመታ በመሆኑ በአባትዎ ወረቀቶች መካከል የሱ ደረሰኝ ወይም ባዶ ሣጥን ካለ በደንብ ይፈልጉት።

ዋጋ ሲያጣሩ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ይመልከቱ። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ለአንድ ባለ 10 ብር የፈለገውን ያህል መጥራት ለማንም ክልክል አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ እዚያው የሚቆይ ማስታወቂያ ዋጋ አይባልም። የተጠናቀቁ ሽያጮችን ብቻ ለይቶ የሚያሳየውን መምረጫ ተጭነው፣ ፕሩፉን ከተራው ሳያደባልቁ፣ ከአምስት ያላነሱ ሽያጮችን ይመዝግቡ። ከዚያም ላይ የጨረታ ወይም የገበያው ድርሻና የፖስታ ወጪ ይቀነሳል፤ ነጋዴ ደግሞ አትርፎ ሊሸጠው ስለሚገዛ የሚከፍለው ከዚያም ያነሰ ነው። ይህ መሰረቅ አይደለም። መሰረቅ የሚሆነው ነጋዴው ከማዕድኑ ወለል በታች ሲገባ ነው፤ የወርቅ ሱቁ ያቀረበልዎ ዋጋ በዚያ ወለልና በሰብሳቢ ዋጋ መካከል የት እንደሚወድቅ አሁን ራስዎ ማስላት ይችላሉ።

የአሜሪካዎቹን ስብስቦች በአጭሩ ልጨርሳቸው። የ1976ቱ ስብስብ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፤ በተራው እትም ውስጥም የብር ማዕድን የለበትም። መንግሥት ሲሸጠው 7 ዶላር ነበር፤ የ1976 ሰባት ዶላር በዛሬ የመግዛት አቅም ከ35 ዶላር በላይ ነው፣ ስብስቡ ግን ዛሬም ከተሸጠበት ዋጋ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ያስቀመጠው ሰው ከሰረ ማለት ነው። የ1983ቱና የ1990ው ግን ሳይታዩ አይሸጡ። በሳን ፍራንሲስኮ የተመቱ ፕሩፎች ‹ኤስ› የምትል ትንሽ ፊደል አላቸው፤ በ1983 በአንዳንድ ባለ 10 ሳንቲሞች፣ በ1990 ደግሞ በአንዳንድ ባለ 1 ሳንቲሞች ላይ ይህች ፊደል ሳትቀረጽ አምልጣለች። በባለ 10 ሳንቲሙ ላይ ከዓመቱ ቁጥር በላይ፣ በባለ 1 ሳንቲሙ ላይ ከቁጥሩ በታች ነው የምትገኘው። የታሸገውን ፕላስቲክ ሳይከፍቱ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ፊደሏ ካለች፣ ምናልባትም ትኖራለች፣ ስብስቡ ጥቂት ዶላር ነው፤ ከሌለች ግን በብዙ መቶ፣ ከዚያም በላይ ሊሸጥ የሚችል ነገር ይዘዋልና ሳይከፍቱ ያቁሙ።

ስለ ደረጃ አውጪዎቹ፦ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነጥብ ሰጥተው ሳንቲሙን በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጋሉ፤ ለፕሩፍ መደበኛው ክልል ከ60 እስከ 70 ሲሆን፣ ከ60 በታች የወረደ ፕሩፍ በአያያዝ የተጎዳ ነው። ክፍያው ከመላኪያና ከመድን ጋር ለአንድ ሳንቲም በአሥሮች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ ለ1976ቱ ስብስብ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። የታጠበው አጋዘን ደግሞ «ተጠርጓል» የሚል ማስታወሻ ይዞ ይመለሳል እንጂ ነጥብ አያገኝም። መላክ የሚያዋጣው ፊደል የጎደለው ሳንቲም ከተገኘ፣ ወይም የጥንብ አንሳው ሳንቲም በመብራት ሥር አንድም ጭረት ካላሳየ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውንም ቢሆን በከፍተኛ ነጥብ የተሸጠ አምሳያውን ካላዩ አልመክርም። በ69 እና በ70 ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኔ ለይቼ የማላውቅባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ገበያው ግን ለዚያች አንድ ነጥብ እጥፍ ሲከፍል አያለሁ።

የምስክር ወረቀቱ ሳንቲሙን አያረጋግጥም፤ ወረቀት ከሳንቲም ይልቅ ለመቅዳት ይቀላልና። ሆኖም ከሣጥኑ ጋር ሲሸጥ ስብስቡን ሙሉ ስለሚያደርገው አይለዩት። በዚሁ አጋጣሚ፣ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ማስታወቂያ «የተወሰነ ቁጥር ብቻ»፣ «ፕሩፍ»፣ «24 ካራት የተለበጠ» እየተባሉ የሚሸጡትን የግል ድርጅት ሥራዎች አደራ አይግዙ። በላያቸው የተለበጠው ወርቅ እጅግ ስስ በመሆኑ ቢፋቅ የሚገኘው ዋጋ ከፋቂው ድካም ያነሰ ነው።

የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። በቅድሚያ ምንም አያጥቡ፣ የታሸጉትን የአሜሪካ ስብስቦችም አይክፈቱ። የ1983ቱንና የ1990ውን የአሜሪካ ስብስቦች ለፊደሏ ይፈትሹ፤ ካለች ሦስቱንም በአንድ ላይ በአቅራቢያዎ ላለ የሳንቲም ነጋዴ ይሽጡ ወይም ለልጆች ይስጡ፤ መያዝ ጥቅም የለውም። ጥንብ አንሳውንና አጋዘኑን አይነጣጥሉ። አጋዘኑ ቢታጠብም እንኳ ከጓደኛው፣ ከሣጥኑና ከወረቀቱ ጋር ሆኖ የሚሻለውን ዋጋ ያመጣል፤ መታጠቡን ግን ለገዢ በግልጽ ይንገሩ። ለወርቅ ሱቅ ሳይሆን የዓለም ሳንቲሞች ለሚያገበያይ ጨረታ ወይም ነጋዴ ያቅርቡ፤ ከሁለት ቦታ ዋጋ ሳይቀበሉም አይስማሙ። አባትዎ ባረፉበት ዕለት የነበረውን የገበያ ዋጋም መዝግበው ይያዙ፤ በአሜሪካ የግብር ሕግ የተወረሰ ንብረት ሲሸጥ ትርፉ በመደበኛው የሚሰላው ከዚያ ዕለት ዋጋ ተነሥቶ ነው እንጂ ሟቹ ከገዙበት አይደለም።

የእናትዎ የምኒልክ ብር ግን ፕሩፍ የመሆን ዕድሉ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እነዚህ ብሮች ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ለመገበያያ የተመቱ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝኑና ከ1000 እጅ 835ቱ የብር ማዕድን የሆኑ ናቸው። ለናሙና የተመቱት ጥቂቶች በገበያ የዞሩ ስላልሆኑ ከአያት ከረጢት አይወጡም። በየቤቱ የምናየው የሚያብረቀርቅ የምኒልክ ብር በአብዛኛው ሲታሽ የኖረ ነው፤ ማርትሬዛም ቢሆን እንዲሁ ሲሆን፣ እሱ ላይ ደግሞ የቪየናው ማተሚያ እስከ ዛሬ ድረስ 1780 የሚል ቀን እያሳረፈ በፕሩፍ መልክም ጭምር ስለሚመታው ብርቅርቅታው ዕድሜውን አይናገርም። እናትዎ ሳንቲሙን አስመዝነው፣ ከንጉሡ ራስ በላይ ባለው የጠርዝ ክፍል ላይ የብየዳ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ይዩት፤ ብዙዎቹ ቀለበት ተበይዶባቸው ለአንገት ጌጥ ያገለገሉ ናቸው። ለማስመጣት ግን አይቸኩሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክልና እንዲህ ያለ ሳንቲም በአየር ማረፊያ ፍተሻ ሊያዝ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሳይጠየቅ በማንም ተጓዥ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።